ያለ ሌዘር የፕሮቲንን ገጽ ማንበብ

አዲስ አንቲቦዲ የሠራ ላቦራቶሪ ሳይመልስ የማያልፈው ጥያቄ አለ፤ አንቲቦዲው ከታለመለት ፕሮቲን ጋር የሚጣበቀው በየትኛው በኩል ነው? ፕሮቲን የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ቢሆንም ሥራውን የሚሠራው ተጣጥፎ ቅርጹን ሲይዝ ስለሆነ የሰንሰለቱን ቅደም ተከተል ማወቅ ብቻውን አይበቃም። በኤክስሬይ ቅርጹን ለማየት ፕሮቲኑ መጀመሪያ ክሪስታል መሥራት አለበት፤ ብዙዎቹ ደግሞ እሺ አይሉም። ፕሮቲኑን በውሃ ውስጥ እንዳለ የሚያጠና ሌላ መንገድ አለ፤ ገጹን በኦክስጅን ምልክት ማድረግ።

ምልክቱን የሚያደርገው ሃይድሮክሲል ራዲካል ነው። ከአንድ ኦክስጅንና ከአንድ ሃይድሮጅን የተሠራ፣ አንድ ኤሌክትሮን የጎደለውና ያገኘውን ሁሉ የሚይዝ ቅንጣት ነው። መጠኑ ከውሃ ሞለኪውል ጋር ስለሚቀራረብ ውሃ በደረሰበት ይደርሳል፤ በፕሮቲኑ ሆድ ውስጥ የተሸሸገውን ወይም አንቲቦዲው የሸፈነውን ግን አያገኝም። ቁም ሳጥን ሳይነሳ የተቀባ ግድግዳ እንደዚህ ነው፤ በኋላ ሳጥኑ ሲነሳ የቆመበት ቦታ ልኩ በአሮጌው ቀለም ይታያል።

ምልክቱ የሚነበበው በክብደት ነው። ትሪፕሲን የተባለው ኢንዛይም ፕሮቲኑን ከላይሲንና ከአርጂኒን ኋላ እየቆረጠ ይበጣጥሰዋል፤ ቁርጥራጮቹም ወደ ማስ ስፔክትሮሜትር ይገባሉ። አንድ ኦክስጅን የተቀበለ ቁራጭ ካልተቀበለው በ16 ዳልተን ይከብዳል። 1200 ዳልተን የነበረው 1216 ላይ ሲታይ ራዲካሉ እዚያ መድረሱ ታወቀ ማለት ነው። ያው ቁራጭ አንቲቦዲው ሲጨመር ምልክቱ ከቀነሰበት፣ የተሸፈነው ገጽ ሳይሆን አይቀርም።

ራዲካሉን ማግኘት ከባድ አይደለም። ብረትና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሲገናኙ የሚሆነውን ሄንሪ ፌንተን እ.ኤ.አ. በ1894 ጽፈውታል፤ ፐርኦክሳይዱም ቁስል ለማጠብ ፋርማሲ የሚሸጠው ነው። ችግሩ ጊዜው ነው። በዚህ መንገድ ምልክት ማድረግ ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላል፤ በዚያ መሀል ቀድሞ የተመታው ፕሮቲን ቅርጹን ይፈታና ተሸሽጎ የነበረው ሁሉ ይጋለጣል። ያኔ የሚነበበው የተበላሸ ፕሮቲን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 በሴንት ሉዊስ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የማይክል ግሮስ ላቦራቶሪ ፐርኦክሳይዱን በ248 ናኖሜትር ሌዘር መሰንጠቅ ጀመረ። ራዲካሎቹ በማይክሮ ሰከንድ ገደማ ተፈጥረው ስለሚያልቁ ፕሮቲኑ ቅርጹን ለመፍታት ፋታ አያገኝም። ትልቅ ሥራ ነበር። ነገር ግን ሌዘሩ መርዛማ የፍሎሪን ጋዝ ይፈልጋል፤ ጨረሩ ለዓይን የማይታይ ሆኖ ዓይን ያጠፋል፤ ለብቻው ክፍልና የሠለጠነ ሰውም ይጠይቃል። የፕሮቲን ባለሙያዎች ዘዴውን እያደነቁ የራቁት ለዚህ ነው፤ በእኔ እምነት ሌዘሩን ማስቀረት ከማሽን ለውጥ በላይ ዋጋ የሚኖረውም ስለዚሁ ነው።

ከሌዘሩ በፊትም ሌላ መንገድ ነበር። ማርክ ቻንስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1999 በኒውዮርኩ ብሩክሄቨን የሲንክሮትሮን ኤክስሬይ ውሃውን ራሱን ሰንጥቆ ራዲካል እንደሚያወጣ፣ ፐርኦክሳይድም እንደማያስፈልግ አሳይተዋል። ዛሬ እዚያ የሚሠራው ሲንክሮትሮን ዙሪያው 792 ሜትር የሆነ ማሽን ነው፤ ተመራማሪ ማመልከቻ ጽፎ ተራ ይጠብቃል። በአፍሪካ ደግሞ እስካሁን አንድም ሲንክሮትሮን የለም። ያለ ሲንክሮትሮንም፣ በማዲሰን ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ከናሙናው በላይ ፕላዝማ (በኤሌክትሪክ የተሞላ ጋዝ) በማቀጣጠል ራዲካሉን ያገኙ አሉ።

ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ሌላ መሣሪያ ደግሞ የብልጭታ መብራት ነው። በሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ የጆሹዋ ሻርፕ ቡድንና ጄንኔክስት የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ የሠሩት ሲሆን ሌዘሩን በታሸገ መብራት ይተካዋል። ጥቂት ማይክሮሊትር ናሙና ከፐርኦክሳይድ ጋር ተቀላቅሎ በቀጭን የኳርትዝ ቱቦ ያልፋል፤ መብራቱ በኃይለኛ አልትራቫዮሌት ብልጭ ይላል፤ የተመታው ጠብታ ወዲያው ካታሌዝና ሜቲዮኒን ወዳለበት ብልቃጥ ይወርዳል። ካታሌዙ የተረፈውን ፐርኦክሳይድ ይበትናል፤ ሜቲዮኒኑ ዘግይቶ ሊመጣ የሚችለውን ጉዳት በራሱ ላይ ይወስዳል። የብልጭታው ዕድሜ ከሌዘሩ ይረዝማል፤ ቢሆንም የሚቆጠረው በማይክሮ ሰከንዶች ነው።

ለኔ ከመብራቱ ይበልጥ የሚያረካው አዴኒን ነው። ትሪስ፣ ግሊሰሮል፣ ዲኤምኤስኦ፣ በየላቦራቶሪው የማይጠፉት እነዚህ ሁሉ ራዲካሉን ይሻማሉ፤ ስለዚህ አንድ ዓይነት ብልጭታ በሁለት ናሙናዎች ላይ አንድ ዓይነት የራዲካል መጠን አያደርስም። ከናሙናው ጋር የሚጨመረው አዴኒን በ265 ናኖሜትር ብርሃን ይመጥጣል፤ ራዲካል ሲመታው ግን መምጠጡ ይቀንሳል። ባለሙያው ቅናሹን እዚያው እያነበበ የብልጭታውን ኃይል ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ይህ ባልነበረበት ጊዜ የሁለት ቀን ውጤት ማወዳደር የእምነት ጉዳይ ነበር።

አነባበቡ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከአሚኖ አሲዶቹ ሜቲዮኒንና ትሪፕቶፋን በቀላሉ ምልክት ሲቀበሉ ግላይሲን እምብዛም አይቀበልም፤ ስለዚህ መወዳደር ያለበት አንድ ቦታ ከራሱ ጋር፣ አንቲቦዲው ባለበትና በሌለበት ነው። ምልክት መቀነሱም ሁልጊዜ መሸፈን አይደለም፤ አንቲቦዲው ሌላ ቦታ ተጣብቆ ፕሮቲኑ በሩቅ ቅርጹን ለውጦ ሊሆን ይችላል። ብዙ ላቦራቶሪዎች በዚህ የተነሳ ሃይድሮጅንን በከባድ ዓይነቱ በዲዩቴሪየም የመተካት ዘዴን ጎን ለጎን ይጠቀማሉ፤ ያ የሰንሰለቱን አከርካሪ ሲመለከት ኦክስጅኑ የሚመለከተው የጎን ክንዶቹን ነው። የዲዩቴሪየም ምልክት ቶሎ ስለሚታጠብ ልኬቱ በጥድፊያ ይሠራል። ኦክስጅኑ ግን አይለቅም፤ ናሙናው ሌሊቱን በትሪፕሲን ሲቆረጥ አድሮ፣ ማስ ስፔክትሮሜትር ወዳለው ሌላ ተቋም ተልኮ ሊነበብ ይችላል።