ያረጀች ቡናና የታመመች ቡና፤ የትኛዋ ትድናለች?

በቡና አገር፥ ከቤት ደጃፍ ያለች ቡና ከማሳው ቡና ተለይታ ትታያለች። የማሳው ለገበያ ነው። የደጃፏ ግን ለቤት ጀበና የምትለቀም፥ ብዙ ጊዜም እናት ወይም አያት በእጃቸው የተከሏት ናት። እንዲህ ያለችው ዛፍ መድረቅ ስትጀምር ባለቤቱን የሚያስጨንቀው የሚቀርበት ምርት ሳይሆን የተካዩ መታሰቢያ መጥፋቱ ነው። ጭንቀቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን የድርቀቱን ምክንያት ሳያጣሩ የሚደረግ እርዳታ ዛፏን ሳያድን ሌሎቹን ሊያስጨርስ ይችላል። ቀጥሎ የሚነገረው የአንዲት ባልቴት ጉዳይ ይህንኑ ያስረዳል።

ሁለቱ የደጃፍ ቡናዎች

ባልቴቷ የሚኖሩት በጅማ አካባቢ ነው። ከቤታቸው ፊት፥ ከአንድ ዋንዛ ጥላ ሥር፥ ሁለት ቡናዎች ነበሯቸው። ሁለቱንም የተከሏቸው እናታቸው ናቸው። በኅዳር ወር አንድ የግብርና ባለሙያ በዚያ ሲያልፍ ጠሩትና፥

«ልጄ፥ የእናቴ ቡናዎች ሊሞቱብኝ ነው። ውኃ አጠጣሁ፤ ፍግ ጨመርኩ፤ የደረቀውን ቅርንጫፍ በገጀራ መለመልኩ። ምንም ለውጥ የለም» አሉት።

«እማማ፥ ሁለቱንም የመለመሉት በአንድ ገጀራ ነው?»

«በአንዱ ነዋ! ስንት ገጀራ አለኝ?»

ባለሙያው ዛፎቹን ተራ በተራ መረመረ። የመጀመሪያዋ ግንዷ ወፍሮ የዛፍ ሽበት ለብሷል። ቅርንጫፎቿ ተራቁተው ቅጠል የሚታየው ጫፍ ጫፋቸው ላይ ብቻ ነው። ቅጠሉ ግን አረንጓዴ ነው፤ ጥቂት ቀይ ፍሬም ይዛለች። ቅርፊቷን በቢላ ጫር ሲያደርገው ውስጡ አረንጓዴ፥ እንጨቱም ነጭ ሆኖ ተገኘ።

ሁለተኛዋ በአንድ ወገን ያለው ቅጠሏ ቢጫ ሆኖ ተጠቅልሏል፤ ከፊሉም ቡናማ ሆኖ ደርቆ ተንጠልጥሏል። ከግንዷ ግርጌ በአረም ጊዜ የተመታ የገጀራ ጠባሳ አለ። ቢላውን በእሳት ለብልቦ እዚያው ቅርፊቱን ሲልጠው እንጨቱ ወደ ጥቁር ያደላ ቡናማ ቀለም ይዞ ታየ።

እርጅናና በሽታ ይለያያሉ

የመጀመሪያዋ አርጅታለች እንጂ አልታመመችም። ቡና ለብዙ ዓመታት ሳይገረዝ ከቆየ ኃይሉን ሁሉ ለረጅሙ ግንድና ለቅርንጫፎቹ ጫፍ ያውለዋል፤ ፍሬውም እየቀነሰ ይሄዳል። ሥሩ ግን ገና ብርቱ ሊሆን ይችላል። ግንዱ ዝቅ ተደርጎ ሲቆረጥ ከጉቶው ላይ የተኙት እምቡጦች ነቅተው አዲስ ቀንበጥ ያወጣሉ። ይህ ሥራ ጉንደላ ይባላል።

ሁለተኛዋን የያዛት የቡና ግንድ አድርቅ በሽታ ነው። በሽታውን የሚያመጣው በዐይን የማይታይ ሻጋታ ሲሆን በቁስል በኩል ገብቶ ውኃ የሚተላለፍበትን የእንጨት ክፍል ይዘጋል። በ1927 እ.ኤ.አ. በመካከለኛው አፍሪካ ታየ፤ በአገራችንም ከታወቀ ከ50 ዓመታት በላይ ሆኖታል። ለተያዘ ዛፍ የሚሆን ፈዋሽ መድኃኒት የለውም። ውኃም ሆነ ፍግ አያድነውም። ይልቁንም የታመመው ዛፍ በቆመ መጠን ሻጋታው በነፋስ፥ በዝናብ ፍንጣቂ፥ በአፈርና በመሣሪያ ወደ ጤነኞቹ ይዛመታል።

ባለሙያው ይህን ሲነግራቸው ባልቴቷ አልተቀበሉትም። «ሁለቱም ከአንዲት እናት እጅ የወጡ ናቸው። አንዷን አድኜ አንዷን እሳት ልክተት?» አሉ። እሱም መልስ ከመስጠት ይልቅ ከአጥሩ ማዶ ያለውን የልጃቸውን የቡና ማሳ አሳያቸው። ልጅየው ያን ዓመት ለቤቱ የሚጠብቀው ገቢ ሁሉ እዚያ ነበር። ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ ልጃቸውን ጠሩት፤ እሳቱንም ከምድጃ ያመጡት እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

የታመመችው እንዴት ተወገደች?

ዛፏ ከነሥሯ ተነቅላ እዚያው በቆመችበት ተቃጠለች። በማሳ ውስጥ መጎተትም ሆነ ለማገዶ ወደ ቤት መውሰድ በሽታውን ያዛምታል። ገጀራውና መቆፈሪያው ታጥበው በእሳት ተለበለቡ። በጉድጓዱ ላይም ቢያንስ ለሁለት ዓመት ቡና እንዳይተከል ተነገራቸው። ከታመመችው ለዘር የሚሆን ፍሬ አልተወሰደም።

የእናትየዋ ቡና ዘር

ባልቴቷ ሁለቱንም የመለመሉት በአንድ ገጀራ ስለነበር በሽታው ወደ አሮጊቷ ቡና ተሻግሮ እንደሆነ ያን ጊዜ በእርግጥ ማወቅ አልተቻለም። ስለዚህ ከመጎንደሏ በፊት ጤነኛ ከሆነው ቅርንጫፍ ላይ ቀይ ፍሬዋ ተለቀመ። የዐረቢካ ቡና አበባ አብዛኛውን ጊዜ የሚዳቀለው በራሱ ዱቄት ስለሆነ፥ ከሮቡስታ በተለየ፥ ልጁ እናቱን ይመስላል። ፍሬው በእጅ ተፈልፍሎ፥ ታጥቦ፥ በጥላ ደረቀ። በፀሐይ የደረቀና ለብዙ ወራት የቆየ የቡና ዘር የመብቀል ኃይሉ ስለሚደክም ሳይዘገይ በመደብ ላይ ተዘራ። ጠፍጣፋው ጎኑ ወደ ታች ሆኖ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል አፈር ከለበሰ በኋላ ጉዝጓዝ ተደረገለት።

ጉንደላው

በጥር ወር፥ ለቀማው ካለቀ በኋላና የበልጉ ዝናብ ከመግባቱ በፊት፥ ግንዷ ከመሬት 30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በስለታም መጋዝ ተቆረጠ። ውኃ እንዳይቋጥር ቁርጡ ዘንበል እንዲል ተደረገ። ባልቴቷ አጠገቡ ቆመው ይጠባበቁ ነበር። የተቆረጠው እንጨት ዙሪያውን ነጭ ነው፤ የጠቆረ መስመር አልተገኘበትም።

በሚያዝያ ጉቶው በብዙ ቀንበጥ ተሸፈነ። ቀንበጦቹ ስንዝር ያህል ሲሆኑ፥ በጉቶው ዙሪያ ተራርቀው የቆሙና ብርቱ የሆኑት ሦስቱ ቀርተው ሌሎቹ ተነቀሉ። ሁሉም ቢተዉ ተሻምተው ይቀጥናሉ። ከሥሯም ብስባሽ ተጨመረ፤ አረሙ በገጀራ ሳይሆን በእጅ ተነቀለ። በሦስተኛው ዓመት ለቤት ጀበና የሚበቃ ፍሬ ሰጠች። ከዘሯ የበቀሉትም አራት ችግኞች ከተቃጠለችው ቦታ ርቀው ተተክለዋል።

ማስታወስ የሚገባ

1. ዛፉን ከመርዳት በፊት ቅርፊቱን ልጦ እንጨቱን ማየት ያስፈልጋል። ነጭ ከሆነ ይጎነደላል፤ ከጠቆረ ለባለሙያ አሳይቶ መንቀልና እዚያው ማቃጠል ይገባል።

2. የታመመ ዛፍ የነካ መሣሪያ በእሳት ሳይለበለብ ጤነኛ ዛፍ አይነካበትም። በአረም ጊዜም ግንድ ማቁሰል አይገባም።

3. መታሰቢያ የሆነ ዛፍ ካለ ዘሩን መውሰድ የሚገባው ገና ጤነኛ ሳለ ነው።

4. ብዙ ያረጀ ቡና ያለው ገበሬ ገቢው በአንድ ጊዜ እንዳይቋረጥበት ማሳውን ከፋፍሎ በየዓመቱ አንድ ሦስተኛውን ቢጎነድል ይሻላል።