ማይክሮፎን በኪሎ ወይስ በድምፅ?

አዲሱ በዶላር፣ አሮጌው በዕድል የሚገዛበት ንግድ

በመርካቶ ምን አለሽ ተራ የወዳደቀ ብረት በኪሎ፣ ጠርሙስ በቁጥር ዋጋ ይወጣለታል። ማይክሮፎን ግን በእንዲህ ዓይነቱ መለኪያ በቀላሉ የሚገመት ዕቃ አይደለም። መልካቸው አንድ ከሆነ ሁለት ማይክሮፎኖች አንደኛው ገና ብዙ ዓመት የሚያገለግል የሥራ መሣሪያ፣ ሁለተኛው ከቁርጥራጭ ብረት የማይሻል ባዶ ቀፎ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን ያወቀ ያተርፋል፤ ያላወቀ ይከፍላል።

በመኖሪያ ቤቱ አንዲት ክፍል ለይቶ ስቱዲዮ የከፈተና በጀመረበት ርካሽ ማይክሮፎን ፋንታ የተሻለ ለመግዛት የሚያስብ ሰው የሚገጥመው ጥያቄም ይኸው ነው። ገንዘቡን አዲስ ዕቃ ላይ ያውለው ወይስ አሮጌ ፈልጎ ያግኝ? ከሁሉ በፊት ግን የሚገዛው ማይክሮፎን በእርግጥ ለቤቱ የሚስማማ ነው ወይ?

የዶላሩ ጫና

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ ወደ 57 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር። በ2017 ዓ.ም መገባደጃ ላይ ዋጋው ከ130 ብር በላይ ደርሶ ነበር። ይህ ለውጥ በማይክሮፎን ላይ ምን እንዳስከተለ በቀላል ሂሳብ ማየት ይቻላል። አሜሪካ ውስጥ 100 ዶላር ገደማ የሚሸጥ ማይክሮፎን ቀድሞ 5,700 ብር ይመጣ የነበረው በዚያ ተመን በትንሹ 13,000 ብር ይሆናል። የ400 ዶላሩ ደግሞ ከ22,800 ብር ወደ 52,000 ብር ከፍ ይላል። የማጓጓዣ፣ የቀረጥ፣ የተጨማሪ እሴት ታክስና የአስመጪው ትርፍ ገና አልተደመሩም።

ገቢው ከማስታወቂያ ድምፅ፣ ከነጠላ ዜማና ከሠርግ ዘፈን ቀረጻ በብር ለሚሰበሰብ የቤት ስቱዲዮ ይህ ቀላል ሸክም አይደለም። በተሳሳተ ምርጫ የታሰረ 50,000 ብር የወራት የቤት ኪራይ ነውና።

እርግጥ ነው፣ የሙዚቃ ቀረጻ ሥራ በዚህ አገር ከጥንቱም ካፒታልና ድፍረት የሚጠይቅ ነበር። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን ሲያቋቁም ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። እሱ ግን ክልከላውን ጥሶ ሸክላዎቹን በውጭ አገር እያስቀረጸ ለገበያ አቀረበ። ዛሬ ሸክላ ማስቀረጽ ቀርቷል፤ ኮምፒዩተር፣ ሳውንድ ካርድና ማይክሮፎን ያለው ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ሆኖ ዘፈን ሠርቶ ለዓለም ማሰራጨት ይችላል። ወደ ሥራው መግቢያው በር ቢሰፋም መሣሪያው አሁንም ከውጭ የሚመጣ ነው።

ከቆራሌው እስከ ገዢው

የምን አለሽ ተራ ዕቃ ምንጩ በየሰፈሩ ነው። ቆራሌው እየጮኸ በየበሩ ያልፋል፤ ልዋጭ ደግሞ አሮጌውን ተቀብሎ የፕላስቲክ ዕቃ ይሰጣል። ከየቤቱ የወጣው ሁሉ ወደ መርካቶ ሄዶ ይለያል፤ የሚጠገነው ይጠገናል፣ የሚቀጠቀጠው ይቀጠቀጣል፣ የሚቀልጠው ይቀልጣል።

በዚህ ጉዞ ውስጥ የአንድ ማይክሮፎን ዋጋ በየእጁ ይለዋወጣል። ለባለቤቱ ቦታ የሚያጣብብ ዕቃ ነው፤ ለቆራሌው የሌላ ዕቃ ምራቂ ነው፤ ለብረት ነጋዴው ግራም ነው። ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ እጅ ከደረሰ በኋላ ብቻ ነው ማይክሮፎን ሆኖ የሚቆጠረው። በመካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ከዕቃው የመጣ አይደለም፤ ዕቃው ያው ነው። የተጨመረው ዕውቀት ብቻ ነው።

አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት ስለ አሮጌ መኪና ገበያ ያስረዳው ይህንኑ የመሰለ ችግር ነው። ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁሉም የሚከፍለው መካከለኛ ዋጋ ነው። በዚያ ዋጋ ጥሩ ዕቃ ያለው ሰው መሸጥ ስለማይፈልግ ከገበያ ይወጣል፤ የሚቀረው ብልሹው ይሆናል። አከርሎፍ ለዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ተጋርቷል። ምን አለሽ ተራ ላይ ደግሞ ችግሩ አንድ እርምጃ ይብሳል፤ ብዙ ጊዜ ሻጩም የያዘውን አያውቅም። ደህናው ማይክሮፎን ከገበያ የሚወጣው ባለቤቱ ስለሰሰተው ሳይሆን በብረት ዋጋ ስለሚቀጠቀጥ ሊሆን ይችላል።

ውድ ሁሉ ለቤት አይሆንም

ለድምፅ ቀረጻ የሚውሉት ማይክሮፎኖች በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ናቸው። ዳይናሚክ የሚባለው ድምፅ ሲመታው በማግኔት መካከል ያለችውን ጥቅል ሽቦ አንቀሳቅሶ ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ከውጭ ኃይል አይፈልግም። ኮንደንሰር የሚባለው ግን እጅግ ስስ ሽፋን ያለው ሲሆን፣ ከሚክሰር ወይም ከሳውንድ ካርድ አብዛኛውን ጊዜ 48 ቮልት ይፈልጋል። ጥቃቅን ድምፅን አጥርቶ በመያዝ ኮንደንሰሩ ይበልጣል፤ ለክራርና ለማሲንቆ ቀረጻም ይመረጣል። በጥንካሬ ግን ዳይናሚኩን የሚተካከለው የለም።

እ.ኤ.አ. በ1966 ገበያ ላይ የዋለው ሹር ኤስ ኤም 58 የዳይናሚክ ወገን ነው። በ1973 የወጣው ኤስ ኤም 7ም እንዲሁ ሲሆን፣ ማይክል ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1982 ባወጣው ትሪለር አልበም ላይ ድምፁ የተቀረጸው በዚሁ ማይክሮፎን ነበር። ስለዚህ ዳይናሚክ የድሃ ምርጫ ነው የሚለው አነጋገር መሠረት የለውም።

በአዲስ አበባ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው ዋናው ጠላት የማይክሮፎኑ ደረጃ ሳይሆን ግድግዳውና ጎረቤቱ ነው። የታክሲ ጥሩምባ፣ የውሻ ጩኸት፣ የጎረቤት ቴሌቪዥንና የክረምት ዝናብ ከዘፋኙ ጋር አብረው ይቀረጻሉ። ለዚህ ያለ ወጪ የሚገኝ መፍትሔ ርቀት ነው። ዘፋኙ ከማይክሮፎኑ የሚርቅበት ርቀት ከ20 ሳንቲ ሜትር ወደ 10 ሲቀንስ የድምፁ ጉልበት በ6 ዴሲቤል ገደማ ይጨምራል፤ የውጭው ጫጫታ ግን ባለበት ይቆያል። ዳይናሚክ ማይክሮፎን አፍ ላይ ተጠግቶ እንዲዘፈንበት የተሠራ በመሆኑ በዚህ ዘዴ በሚገባ ይጠቀማል። ከቀረቡት ወፍራሙ ድምፅ እንደሚጨምር ግን ማወቅ ያሻል።

የተደበቀ ወጪም አለ። የኤስ ኤም 7 ተከታይ የሆነውና እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ኤስ ኤም 7ቢ ለአንድ ዓይነት የድምፅ ግፊት የሚሰጠው 1.12 ሚሊቮልት ብቻ ሲሆን፣ ኮንደንሰሩ ሮድ ኤን ቲ 1-ኤ 25 ሚሊቮልት ይሰጣል። ልዩነቱ ከ20 እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ኤስ ኤም 7ቢ የገዛ ሰው ሳውንድ ካርዱ ወደ 60 ዴሲቤል የሚጠጋ የማጉላት አቅም ከሌለው ሌላ ማጉያ ለመግዛት ይገደዳል። የማይክሮፎኑ ዋጋ ብቻ ታይቶ የተሠራ በጀት እዚህ ላይ ይፈርሳል።

አነስተኛ በጀት ያለው ገዢ እንግዲህ ቅደም ተከተሉን ማወቅ አለበት። መጀመሪያ ክፍሉ፤ ወፍራም ብርድ ልብስና ፍራሽ ከዘፋኙ ኋላና ጎን ቢሰቀል የክፍሉን ማስተጋባት ይቀንሳል። በብዙዎች ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የእንቁላል ካርቶን ግን የረባ ድምፅ አይመጥም። ቀጥሎ ስታንድና የንፋስ መከላከያ፤ በ፣ ፐ እና ፈ ሲነገሩ ከአፍ የሚወጣውን ንፋስ በክብ ሽቦ ላይ የተወጠረ ስቶኪንግ ያስቆመዋል። ሽቦው ከዚያው ከምን አለሽ ተራ ይገኛል። ውድ ኮንደንሰር መግዛት የሚያዋጣው ይህ ሁሉ ተሟልቶ ክፍሉ ጸጥ ካለ ብቻ ነው። ያለበለዚያ 50,000 ብር የወጣበት ማይክሮፎን የጎረቤትን ጠብ አጥርቶ ከመቅረጽ ያለፈ ጥቅም አይሰጥም።

ሚዛን፣ ኬብልና ጆሮ

አሮጌ ለመግዛት የወሰነ ሰው መጀመሪያ ሚዛን ይጠቀም። ኤስ ኤም 58 ያለ ኬብል 298 ግራም ይመዝናል። ይህ ማይክሮፎን በዓለም ላይ በብዛት አስመስለው ከሚሠሯቸው አንዱ ሲሆን፣ ክብደቱ በግልጽ ያነሰ ከሆነ አስመሳይ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል። ክብደቱ መስተካከሉ ብቻ ግን ማረጋገጫ አይሆንም።

ሁለተኛው የወንፊቱን ክዳን ፈትቶ ማየት ነው። ብረት በሚቆረጥበትና በሚሞረድበት ሰፈር የዋለ ዳይናሚክ ማይክሮፎን በተለይ መመርመር አለበት፤ ውስጡ ማግኔት ስላለ የብረት ብናኝ ይስባል፤ ብናኙ ስሱ ሽፋን ላይ ከተከማቸ ድምፁን ያበላሻል። ነቅነቅ ሲያደርጉት የሚንኳኳ ነገር ካለ ደግሞ ውስጡ የተፈታ ወይም የተሰበረ አለ ማለት ነው።

ሦስተኛው ሙከራ ነው። ገዢው የራሱን ኬብል፣ ትንሽ ሳውንድ ካርድና ጆሮን የሚሸፍን ሄድፎን ይዞ ቢሄድ ይመረጣል። መዶሻ በሚጮህበት ሰፈር በስፒከር ሞክሮ ፍርድ መስጠት ዘበት ነው። ኮንደንሰር ከሆነ 48 ቮልት ሳይሰጡትና ጸጥ ያለ ቦታ ወስደው ሳያዳምጡት ገንዘብ መክፈል ቁማር ነው፤ ማንም ሳይናገርበት የሚንጫጫና የሚንኳኳ ከሆነ ካፕሱሉ እርጥበት ወይም ቆሻሻ ገብቶበት ሊሆን ይችላል።

ዋስትና ትርፍ ነው

ለነጋዴው ወገንም ትምህርቱ ግልጽ ነው። ለአንድ ቀን ቀብድ ተቀብሎ ገዢው ቤቱ ወስዶ እንዲሞክር፣ ካልሠራም እንዲመልስ የሚፈቅድ ሻጭ፣ ዕቃው ደህና መሆኑን በአፉ ሳይሆን በገንዘቡ መሰከረ ማለት ነው። አከርሎፍም ለችግሩ መፍትሔ ብሎ ከጠቀሳቸው አንዱ ዋስትና ነው። እንዲህ ያለው ሻጭ ከጎረቤቱ ከፍ ያለ ዋጋ ቢጠይቅ ገዢ አያጣም፤ ዋስትና ያልሰጠው ግን ያንኑ ዕቃ ከብረት ዋጋ ብዙም ባልራቀ ሂሳብ ለመልቀቅ ይገደዳል። ለደላላውም ቢሆን በአንድ ሽያጭ ከሚያገኘው ኮሚሽን ይልቅ የሞከረውን ብቻ ያገናኛል የሚል ስም የበለጠ ያስገኝለታል። ደረሰኝ መያዝም የኋላ ንትርክን ይቀንሳል።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። 13,000 ብርም ሆነ 52,000 ብር ከኪስ ከመውጣቱ በፊት ግማሽ ቀን ለምርመራ ማዋል በዚህ ገበያ ከሁሉም ርካሹ ወጪ ነው።