የአቮካዶ እንክብልና የስምጥ ሸለቆ ቁርጥማት

በአዳሚ ቱሉ፣ በባቱ (ዝዋይ)፣ በቡልቡላና በመቂ አካባቢ ወገቡ አልታጠፍ ወይም አንገቱ አልዞር ያለው ገበሬ ማየት እንግዳ ነገር አለመሆኑን የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ጠንቅቀው ያውቁታል። እንዲህ ያለው በሽተኛ ፍቱን ነው የተባለ መድኃኒት በሰማ ቁጥር እህሉን ሸጦም ቢሆን ለመግዛት መነሣቱ አይቀርም። ለቁርጥማት ይበጃሉ ተብለው ከሚነገርላቸው አንዱ ከአቮካዶ ተጨምቆ የሚዘጋጀው እንክብል ነው። እንክብሉ የሚረዳው ሕመም አለ። የማይነካው ሕመምም አለ፤ ይኸውም ስምጥ ሸለቆ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ዓይነት በመሆኑ ጉዳዩ የማኅበራቱን መሪዎች በቀጥታ ይመለከታል።

በቅድሚያ ፍሬውንና እንክብሉን መለየት ያስፈልጋል። ፍሬው ምግብ ነው። 100 ግራም የአቮካዶ ሥጋ 160 ያህል ካሎሪ፣ 15 ግራም ያህል ቅባትና 7 ግራም ያህል አሰር ሲኖረው፣ ቅባቱ በአብዛኛው በወይራ ዘይት ውስጥ የሚገኘው ዓይነት ነው። ካሮት ወይም ጎመን ከአቮካዶ ጋር ሲበላ ሰውነት ቫይታሚን ኤ የሚሠራበትን ንጥረ ነገር ከአትክልቱ በተሻለ ሁኔታ ያገኛል። ከሲዳማና ከወላይታ የሚመጣውን ፍሬ ገዝቶ ለልጆች ማብላት ስለዚህ የሚደገፍ ነው። ጥንቃቄ የሚያሻው ኩላሊቱ የተጎዳ ሰው ነው፤ ፍሬው ፖታሲየም ስለሚበዛበት ሐኪሙን ሳይጠይቅ አያዘውትረው።

እንክብሉ ግን ሌላ ነገር ነው። ስብ ወይም ዘይት በኮስቲክ ሶዳ አፍልቶ ሳሙና የሠራ ሰው እንደሚረዳው፣ ዘይት ሁሉ ወደ ሳሙና አይለወጥም፤ ጥቂት ክፍል ሳይለወጥ ይቀራል። የፈረንሳይ መድኃኒት ሠሪዎች ይህንኑ ወደ ሳሙና የማይለወጥ ክፍል፣ አንድ እጅ ከአቮካዶ ዘይት፣ ሁለት እጅ ከአኩሪ አተር ዘይት ወስደው በማደባለቅ በእንክብል አዘጋጁት። መጠኑ በቀን 300 ሚሊ ግራም ነው። በሲዳማ ይርጋለም ፓርክ ተጨምቆ ወደ ውጭ የሚላከው የአቮካዶ ዘይት የምግብና የቅባት ዘይት እንጂ ይህ መድኃኒት አለመሆኑን ልብ ይሏል።

ጥቅሙስ? በዕድሜና በሥራ ብዛት በመገጣጠሚያ ላይ ያለው ለስላሳ አጥንት ሲያልቅ የሚመጣውን የጉልበትና የዳሌ ሕመም በጥቂቱ ያስታግሣል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ፣ ቀደም ብለው የተደረጉትን ጥናቶች አሰባስቦ የመረመረ ሥራ እንዳመለከተው፣ ሕመም ከ0 እስከ 100 ሲለካ እንክብሉን የወሰዱት ሰዎች ካልወሰዱት የተሻሉት በ8 ነጥብ ያህል ነው። ይህም ከሳምንታት በኋላ የሚታይ ነው። የፈረንሳይ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የዚህ ዓይነቶቹን የመገጣጠሚያ መድኃኒቶች ዋጋ ከሕዝብ ገንዘብ መሸፈኑን አቁሟል። አገሩ ውስጥ ለተሠራ መድኃኒት እንዲህ ከተወሰነ፣ የእኛ ገበሬ በሬውን ሸጦ የሚገዛው ነገር ነው ለማለት ያስቸግራል።

ይሁንና የሚወስድ ሰው ካለ የሚከተለውን ይወቅ። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት አትውሰደው፤ ደኅንነቱ በሚገባ አልተጠናምና። አኩሪ አተር ወይም አቮካዶ የማይስማማው ሰው ይተወው። ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው፣ አቮካዶ የመድኃኒቱን ኃይል ሊቀንስበት ስለሚችል፣ ለሐኪሙ አስቀድሞ ይንገር። የጉበት ሕመምተኛም እንዲሁ። ሆድ ቢያውክ ወይም ዓይን ቢጫ ቢሆን ወዲያው አቁሞ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል።

ከሁሉ የሚያሰጋው ግን ምንነቱ ሳይታወቅ በየገበያው የሚዞረው የቁርጥማት እንክብል ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አርትሪ ኪንግ የሚባለውን የመገጣጠሚያ እንክብል መርምሮ በማሸጊያው ላይ ያልተጻፉ ዲክሎፌናክና ዴክሳሜታዞን የሚባሉ ጠንካራ መድኃኒቶች አግኝቶበታል። ጉበታቸው የተጎዳና የሞቱ ሰዎች መኖራቸውም ለመሥሪያ ቤቱ ተነግሮታል። በ2 ቀን ውስጥ ሕመሙን ድራሹን ያጠፋ «የዕፅ» እንክብል ስለዚህ ከመመስገኑ በፊት መጠርጠር አለበት። ለረጅም ጊዜ ሲወስደው የቆየ ሰውም በድንገት ማቆሙ ራሱ አደጋ ሊያስከትልበት ስለሚችል ማሸጊያውን ይዞ ሐኪም ዘንድ ይቅረብ። በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ምግብና መድኃኒትን የሚቆጣጠር ባለሥልጣን አለ፤ መሪዎች አጠራጣሪ ነገር ሲያዩ በጤና ጣቢያ በኩል ሊያሳውቁ ይችላሉ።

በቤት ውስጥ የአቮካዶን ፍሬ ድንጋይ ፈጭቶ ወይም ቅጠሉን ቀቅሎ መጠጣትም የእንክብሉ ምትክ አይደለም። ቅጠሉ፣ ልጡና የፍሬው ድንጋይ ፐርሲን የሚባል መርዛማ ነገር አላቸው። የሚጎዳው በተለይ እንስሳትን ነው። ቅጠሉን የበላች ፍየል ወይም ላም ጡቷ ያብጣል፣ ወተቷ ይነጥፋል፤ በደቡብ አፍሪካ ቅጠሉን የበሉ በጎች የልባቸው ጡንቻ ተጎድቶ ሞተዋል። ችግኝ በጓሮ የተከለ ገበሬ የገረዘውን ቅርንጫፍ ለከብት አይጣል፤ ዶሮም አይቅረበው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። የስምጥ ሸለቆ ጉድጓድ ውሃ በብዙ ቦታ ፍሎራይድ የሚባለው ማዕድን ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት የወሰነው መጠን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ውሃ የሚወጣባቸው ጉድጓዶች አሉ። ፍሎራይድ በልጅነት ሲጠጣ የሚወጣውን ጥርስ ያበላሻል፣ ቡናማ ያደርጋል። ለብዙ ዓመታት ሲጠጣ ደግሞ አጥንት ውስጥ ተከማችቶ ጀርባንና አንገትን ያደርቃል፤ ሲብስም የጀርባ አጥንት ውስጥ ያለውን ነርቭ ተጭኖ እግርን ያሰንፋል። ይህ በአገራችን በጉልህ የታየው በወንጂ ሸዋ ስኳር እርሻ፣ የጉድጓዱን ውሃ ከ10 ዓመት በላይ በጠጡ ሠራተኞች ላይ ሲሆን፣ የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ሬዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በሰፊው አጥንተውታል።

የአቮካዶው እንክብል ይህን አጥንት አይመልሰውም። የገበሬው ገንዘብ ሲያልቅ ውሃው ያው ውሃ ነው። እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። በአካባቢው ተወልዶ ያደገ ሰው ጥርሱ ምልክት ይሰጣል፤ ጎልምሶ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ግን ጥርሱ ነጭ ሆኖ አጥንቱ ሊታመም ይችላል። ስለሆነም ወገቡን የታመመ ሰው ጤና ጣቢያ ሲሄድ የሚጠጣው ከየትኛው ጉድጓድ እንደሆነና ስንት ዓመት እንደጠጣ ይናገር።

መሪዎች ከወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ጋር ተነጋግረው ጉድጓዶቹን በየተራ ማስመርመር ይገባቸዋል። ትምህርት ቤት ያለበትና ሕፃናት የሚጠጡበት ይቅደም። ውሃን ማፍላት ፍሎራይድን አያስወጣም፤ እንዲያውም ውሃው ተንኖ ሲያንስ ፍሎራይዱ ይበረታል። ፍሎራይዱ አነስተኛ የሆነ ምንጭ ከተገኘ ለመጠጥና ለወጥ ብቻ ይለይ፤ ለልብስ አጠባ የቀድሞው ይበቃል። ከቆርቆሮ ጣራ የሚጠራቀም የዝናብ ውሃም ይረዳል። ከተከሰለ የከብት አጥንት የሚሠራው ማጣሪያ በስምጥ ሸለቆ ተሞክሮ ሠርቷል፤ ነገር ግን አጥንቱ ጊዜው ሲያልፍ ፍሎራይድ መያዙን ስለሚያቆም መለወጥ አለበት። ማን እንደሚለውጠው፣ ገንዘቡም ከየት እንደሚወጣ ማጣሪያው ከመተከሉ በፊት በስብሰባ ተወስኖ በቃለ ጉባኤ ይያዝ።