ከከተማው የበለጠ ትምህርት ቤት

ዩኒቨርሲቲ ሲባል ብዙዎቻችን በዐይነ ኅሊናችን የምናየው ትልቅ ከተማን፣ ሰፊ ጎዳናንና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ነው። ነገር ግን በዓለም ላይ ካሉት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አያሌዎቹ ከዋና ከተማ ርቀው በትንንሽ ከተሞች ውስጥ ይገኛሉ። እንደዚህ ያለው ዩኒቨርሲቲ ለአካባቢው ሕዝብ ምን ይሰጣል? ምንስ ይወስድበታል? ጥያቄው የእኛ የተማሪዎችም ጥያቄ ስለ ሆነ፣ በአሜሪካ አገር በሰሜን ካሮላይና በቡን ከተማ ያለውን አፓላቺያን ስቴት ዩኒቨርሲቲን ምሳሌ አድርገን እንመለከታለን። ዓመቶቹ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ቡን በብሉ ሪጅ ተራሮች መካከል ከባሕር ወለል በላይ 1,016 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ የዋታውጋ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ደጋ ላይ ላደገ ሰው ይህ ከፍታ ተራራ ላይባል ይችላል። ዳሩ ግን በብርዱ ወራት በረዶ የሚጥልበት፣ መንገዱም በገደልና በሸለቆ የሚጠማዘዝበት አገር ስለ ሆነ፣ ሕዝቡ ለብዙ ዘመን ከሜዳው አገር ተለይቶ ኖሯል። ወደ ከተማዋ ይመጣ የነበረውን የባቡር ሐዲድ እንኳ በ1940 የወረደው ጎርፍ ጠራርጎ ወሰደው፤ ሐዲዱም ተመልሶ አልተሠራም።

የትምህርት ቤቱ ታሪክ የሚጀምረው በ1899 ነው። ብላንፎርድ ዶኸርቲና ዶፊን ዶኸርቲ የተባሉ ሁለት ወንድማማቾች የተራራውን ልጆች የሚያስተምር ሰው እንደ ጠፋ አይተው፣ አባታቸውና አንድ ሌላ የአገሩ ሰው በሰጡት መሬት ላይ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። የከተማውና የወረዳው ሕዝብ እያዋጣ 1,000 ዶላር የፈጀ የእንጨት ቤት ተሠራ። ዋታውጋ አካዳሚ ተብሎ በ53 ተማሪዎችና በ3 ክፍሎች ሥራውን ጀመረ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ፤ ይኸውም መጀመሪያ እጁን የዘረጋው መንግሥት ሳይሆን ሕዝቡ ራሱ መሆኑ ነው።

መንግሥት የገባው በ1903 ነው። ወንድማማቾቹ ለተራራው አውራጃዎች አስተማሪ የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት እንዲቋቋም ሕግ አርቅቀው ለክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት አስቀረቡ፤ ሕጉም ጸደቀ። በዚያው ዓመት ትምህርት ቤቱ በመንግሥት የ2,000 ዶላር ድጎማና በ325 ተማሪዎች የአስተማሪዎች ማሠልጠኛ ሆኖ ተከፈተ። በ1925 የ2 ዓመት ኖርማል ትምህርት ቤት፣ በ1929 ዲግሪ የሚሰጥ የመምህራን ኮሌጅ፣ በ1967 ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በ1972 ከሰሜን ካሮላይና የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር ጋራ ተቀላቀለ። ብላንፎርድ ዶኸርቲ ከመጀመሪያው አንሥቶ እስከ 1955 ድረስ 56 ዓመት ሙሉ አልተለየውም።

ትምህርት ቤቱ ለከተማዋ የሰጣት እውቀትን ብቻ አይደለም፤ ቃል በቃል ብርሃንም ሰጥቷታል። በ1915 ለትምህርት ቤቱ መብራት ተብሎ በኒው ሪቨር ወንዝ ላይ የተቋቋመው የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ኋላ ለከተማው ቤቶችም ተዳረሰ። ያ የኤሌክትሪክ ድርጅት ዛሬም የዩኒቨርሲቲው ንብረት ነው፤ የቡን ነዋሪም የመብራቱን ሂሳብ የሚከፍለው ለዚሁ ድርጅት ነው። መምህራንን ማሠልጠንም አልቀረም። ከዚህም ሌላ በ1968 ስለ አፓላቺያ ሕዝብ የተጻፈውን፣ የተዘፈነውንና የተነገረውን የሚሰበስብ ልዩ ክፍል በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተቋቁሟል። የተራራው ሰው በሌላው አሜሪካዊ ዘንድ ለብዙ ጊዜ እንደ ማይምና እንደ ኋላ ቀር ሲቆጠርና ሲሾፍበት የኖረ ስለ ሆነ፣ ዘፈኑና ተረቱ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ለጥናት መብቃቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ይሁን እንጂ ምስጋናውን ብቻ ተናግረን ብናልፍ እውነቱን ግማሽ እናደርገዋለን። «የሕዝብ ትምህርት ቤት» የተባለው ይህ ቤት በመጀመሪያዎቹ 50 ዓመታት በሩን የከፈተው ለነጮች ብቻ ነበር። ከከተማው በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ጁናለስካ የሚባል የጥቁሮች ሰፈር ከጥንት ጀምሮ አለ። የዚያ ሰፈር ልጆች ትምህርት ቤቱን ቁልቁል እያዩት ሊማሩበት አልቻሉም። ሕዝብ ሲባል ማን ማለት እንደ ሆነ ሁልጊዜ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ችግር ከእድገቱ የመጣ ነው። በ2020 በተደረገው ቆጠራ የቡን ሕዝብ 19,092 ነበር፤ ከነዚህም ብዙዎቹ ራሳቸው ተማሪዎች ናቸው። በዚያው ዓመት የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ቁጥር በርቀት የሚማሩት ጭምር 20,023 ደረሰ። ልጅ አባቱን በቁመት በለጠው ማለት ነው። በተራራ መካከል ደግሞ ቤት የሚሠራበት ሜዳ ጥቂት ነው። አንድ ቤት ለአንድ ቤተሰብ ከሚከራይ ይልቅ በየክፍሉ ለ4 ተማሪዎች ቢከራይ ለባለቤቱ የበለጠ ገንዘብ ያስገባል። ስለዚህ የቤት ኪራይ ይወደዳል፤ አስተማሪው፣ አስታማሚዋና የተማሪውን ምግብ የሚያበስለው ሠራተኛ ከከተማው ርቀው ቤት ለመፈለግ ይገደዳሉ።

በዚህ ላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መሬትና ሕንጻ የንብረት ግብር አይከፈልበትም። ከተማው ግን መንገዱን መጠገን፣ እሳት ሲነሣም ማጥፋት አለበት። በሌላ በኩል በወረዳው ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ሠራተኛ የሚቀጥረው ዩኒቨርሲቲው ነው፤ ሱቁም፣ ምግብ ቤቱም የሚኖረው በተማሪው ገንዘብ ነው። እንግዲህ ከተማዋ ያለ ዩኒቨርሲቲው መኖር አትችልም፤ ከዩኒቨርሲቲው ጋራ መኖርም እየከበዳት ሄዷል።

መፍትሔ አልተሞከረም ማለት አይደለም። የከተማው አውቶቡስ በተማሪዎች መዋጮ፣ በከተማውና በመንግሥት ገንዘብ ስለሚንቀሳቀስ ተማሪውም ገበሬውም ያለ ክፍያ ይሳፈሩበታል። በ2023 ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ከተራራው ግርጌ በሂክሪ ከተማ ሁለተኛ ግቢ ከፈተ። ይህ የቡንን ሸክም ሊያቃልል ይችላል።

ዩኒቨርሲቲው በመላው አሜሪካ ስሙ የተጠራው በ2007 የእግር ኳስ ቡድኑ ታላቁን የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲን በሚሺጋን ሜዳ ላይ 34 ለ32 ባሸነፈ ጊዜ ነው። እኛ ግን ከዚያ ቀን ይልቅ ሌላ ቀን ይበልጥ ይመስጠናል። በ2024 በሴፕቴምበር ወር መጨረሻ ሄለን የተባለው ማዕበል ተራራውን በዝናብ መታው። ጎርፍ ቤቶችን አጥለቀለቀ፤ መንገድ ተቆረጠ፤ መብራት ጠፋ፤ ትምህርትም ለሳምንታት ቆመ። ያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲው ትልቅ የስፖርት አዳራሽ ቤታቸውን ላጡ ሰዎች መጠለያ ሆነ። ከ125 ዓመት በፊት ሕዝቡ ለትምህርት ቤቱ ቤት ሠራ፤ በክፉ ቀን ትምህርት ቤቱ ለሕዝቡ ቤት ሆነ።

ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? የሰሜን ካሮላይና ሕገ መንግሥት የመንግሥት ከፍተኛ ትምህርት እስከ ተቻለ ድረስ ለሕዝቡ ያለ ወጪ እንዲዳረስ ያዝዛል። ቃሉ መልካም ነው። ነገር ግን ትምህርቱ ቢረክስና የቤት ኪራዩ ቢወደድ፣ በአንድ እጅ የተሰጠው በሌላው እጅ ተወሰደ ማለት ነው። ስለዚህ በትንሽ ከተማ የተተከለ ዩኒቨርሲቲ ሊመዘን የሚገባው በተማሪዎቹ ቁጥር ወይም በሕንጻዎቹ ቁመት ሳይሆን፣ መጀመሪያ ገንዘብ ላዋጡት ሰዎች የልጅ ልጆች በሚሰጠው ነገር ነው ብለን እናምናለን። ለተማሪው ማደሪያ የሚሆን ቤት ሳያዘጋጅ ብዙ ተማሪ የሚቀበል ዩኒቨርሲቲ ችግሩን በከተማው ድሀ ላይ ይጥላል።

እኛም ተማሪዎች ከዚህ ሂሳብ ውጭ አይደለንም። የምንከራየው ክፍል የሌላ ሰው ማደሪያ ሊሆን ይችል ነበር። ዩኒቨርሲቲ ባለበት ከተማ ሁሉ ተማሪ 4 ዓመት ኖሮ ይሄዳል፤ ባላገሩ ግን እዚያው ይቀራል። በነዚያ 4 ዓመታት ውስጥ የጎረቤቱን ስም ሳያውቅ፣ የአገሩን ችግር ሳይጠይቅ ዲግሪውን ይዞ የሚሄድ ተማሪ እዳውን ሳይከፍል ሄደ ቢባል ያንስበታል እንጂ አይበዛበትም።