«ዳይፐር ቅንጦት ነው» እና ሌሎች ደብረ ታቦር ላይ የምንሰማቸው አባባሎች

አራስ ሲጠየቅ ምን እንደሚያዝ ለደብረ ታቦር ሰው ማንም አያስተምረውም። ቅቤ፣ የገንፎ ዱቄት፣ አጃ ይያዛል፤ አቅም ያለው ለሕፃኑ ልብስ ይጨምራል። አሁን አሁን ደግሞ በዕድሩም በመሥሪያ ቤቱም «ለተቸገሩ እናቶች ዳይፐር እናሰባስብ» የሚል ሰው አይጠፋም። ሐሳቡ ደግ ነው። ችግሩ አብረውት የሚነገሩት አባባሎች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ሰጪውን እጁን ያሳጥሩታል፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ስጦታውን ራሱን ያበላሹታል።

«ዳይፐር የከተሜ ቅንጦት ነው፤ እኛስ በጨርቅ አይደል ያደግነው?»

በጨርቅ ነው ያደግነው። ያረጀ ነጠላ ይቀደዳል፣ ሕፃኑ ሲነቃ እናቱ እግሯ ላይ አስቀምጣ «እሽሽ» እያለች ታሸናዋለች፣ ከዚያ በአንቀልባ አዝላው ወደ ሥራዋ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ውኃ፣ ሳሙና፣ ፀሐይና የራሷ ጎጆ ላላት እናት ነው። ደብረ ታቦር ከጉና ተራራ አጠገብ፣ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በሐምሌ ጧት የታጠበ ጨርቅ በማግስቱም አይደርቅም። ምድጃ ዳር ይሰቀላል፤ ጭስ ጭስ እየሸተተ፣ ጠርዙ እንደረጠበ ተመልሶ ሕፃኑ ላይ ይታሰራል፣ ቂጡም ይላላጣል። በነሐሴ 2013 የሰሜኑ ጦርነት ነፋስ መውጫ ሲደርስ ከጋይንት ወገን ሸሽተው ደብረ ታቦር የገቡ እናቶች ደግሞ ጨርቅ የሚያደርቁበት የራሳቸው ምድጃም አልነበራቸውም። ያውም በክረምት።

የድሃ አገር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን። አሜሪካ ውስጥ የመንግሥት የምግብ ድጎማ ለዳይፐር አይውልም። እዚያው አሪዞና ውስጥ ቱሳን በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1994 የዳይፐር ማሰባሰቢያ ተጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በየከተማው ያሉትን የሚያስተባብር ብሔራዊ ማኅበር ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ2013 ፔዲያትሪክስ በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናትም ኒው ሄቨን ከተማ ከተጠየቁት እናቶች 30 ከመቶ የሚጠጉት ዳይፐር እንደሚያጥራቸው፣ እጥረቱም ከአእምሮ ጭንቀት ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። ሕፃኑ እያለቀሰ የሚቀየርለት የሌላት እናት ጭንቀት አገር አይመርጥም።

«ዳይፐር የሚያስፈልገው ሕፃን ነው»

እኛ አገር ሕዝቡን ዳይፐር መለገስ ያስለመደው የሕፃናት ድርጅት አይደለም። ቢኒያም በለጠ የመሠረተው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ነው፤ የአዋቂ ዳይፐር ከዋና ዋና ወጪዎቹ አንዱ በመሆኑ ደጋግሞ ይለምናል። የደብረ ታቦር አሰባሳቢ ግን ዝርዝሩን ሲያወጣ የሕፃን ዳይፐር መጠን ከቁጥር 1 እስከ ቁጥር 5 ጽፎ ያቆማል።

ከዝርዝሩ የሚቀሩት እነማን ናቸው? አልጋ ላይ የዋሉ አባትና እናት አሉ። በረጅም ምጥ ፊስቱላ ደርሶባት ሽንቷን መቆጣጠር ያልቻለች ሴት አለች፤ የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል ባሕር ዳር ላይ ከተከፈተ ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሕክምናው ቀርቧል፣ ተራዋን እስክታገኝና እስክትድን ግን ልብሷ ይረጥባል። ስለዚህም ሰው መሀል አትወጣም። ከሁሉ የምንረሳው ደግሞ ስፓይና ቢፊዳ ይዞት የተወለደውን ልጅ ነው። የጀርባ አጥንቱ በማኅፀን ሳለ ሳይገጥም ስለቀረ የፊኛው ነርቭ ተጎድቷል፤ እኩዮቹ ዳይፐር ሲተዉ እሱ ትምህርት ቤት እስኪገባና ከዚያም በኋላ ያስፈልገዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲህ ያለ የነርቭ ቧንቧ ችግር ከ10,000 ወሊድ ከ60 በላይ እንደሚደርስ በርካታ ጥናቶችን ያጠቃለለ ግምት አለ። በዓለም ላይ ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። ለእንዲህ ያለ ቤት አንድ እሽግ ከሰጡ በኋላ መጥፋት፣ በእኔ እይታ፣ ካለመስጠት ብዙም አይሻልም፤ ቤቱ የሚፈልገው በየወሩ የሚመጣ ነው።

«የሕፃን ዓይነ ምድር ምን አለው? ገና ጡት ነው የሚጠባው»

በገጠሩም በከተማውም ብዙዎች አጥብቀው የሚያምኑት ነው፤ ዳይፐር ማደል ከተጀመረ በኋላ ደግሞ አደጋው ይብሳል። የሕፃን ዓይነ ምድር ከአዋቂው ያነሰ ጀርም የለውም። ተቅማጥ ቶሎ ቶሎ የሚይዘው ሕፃኑን ስለሆነ አንዳንዴ የሚበልጥ ይይዛል። ዝንቡን ደግሞ አንርሳ። ልጆቻችን ዓይን ላይ የምታርፈዋና ትራኮማን ከዓይን ወደ ዓይን የምታዛምተዋ ዝንብ እንቁላሏን መጣል የምትመርጠው ሜዳ ላይ በወደቀ የሰው ዓይነ ምድር ነው፤ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ብዙም አትራባም። አማራ ክልል በዓለም ትራኮማ ከጠናባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። የእኛው ደቡብ ጎንደርም ዓመት እየጠበቀ የትራኮማውን መድኃኒት ዚትሮማክስን ሲውጥ የኖረ ዞን ነው። መድኃኒቱን በአንድ እጅ እየሰጠን በሌላው ዳይፐር ፈፋ ውስጥ ካስጣልን ለዝንቧ መራቢያ አዘጋጀንላት ማለት ነው። ውሻም ይጎትተዋል፣ ይቀድደዋል፣ በደጃፍ በደጃፍ ይበትነዋል።

ታዲያ የት ይጣል? «ሽንት ቤት ጨምሪው» የሚለው ምክር ልክ አይደለም። ዳይፐር ውስጥ ያለው ዱቄት ሽንት ሲያገኝ እንደ ጄል ያብጣል፣ ከራሱ ክብደት ብዙ እጥፍ ውኃ ይይዛል። ፕላስቲኩም አይበሰብስም፤ ጉድጓዱ ከጊዜው በፊት ይሞላል። «አቃጥይው» የሚለውም እርጥብ ዳይፐር ሲጨስ ለዋለበት ግቢ መርዝ ነው። የሚሻለው እንዲህ ነው፦ ዓይነ ምድሩ ወደ ሽንት ቤት ይራገፋል፣ ዳይፐሩ በራሱ ማጣበቂያ ተጠቅልሎ በፌስታል ይታሰራል፣ ቆሻሻ ለሚሰበስበው ማኅበር ይሰጣል፣ እጅ በሳሙና ይታጠባል። ቆሻሻ ሰብሳቢ በማይደርስበት ገጠር ዳይፐር ባናድል ይሻላል ባይ ነኝ፤ ለዚያ ከታች የምለው አለ።

«እግር ያንሻፍፋል፣ ወንዱንም መካን ያደርጋል»

የመካንነቱ ወሬ መነሻ እ.ኤ.አ. በ2000 ጀርመን ውስጥ የተደረገ ጥናት ነው፤ ዳይፐር የታጠቀ ወንድ ሕፃን የቆለጡ ሙቀት ከፍ ማለቱን ለካ። ሲያድግ መካን መሆኑን ግን አላሳየም። እግሩንም በተመለከተ ሕፃን ሁሉ ሲወለድ እግሩ ቀስት የመሰለ ነው፤ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ድረስ በራሱ ይቃናል። ሳይቃና ከቀረ ወይም እየባሰ ከሄደ የሚጠረጠረው አጥንት የሚያለሰልሰው ሪኬትስ ነው፤ ያ ደግሞ የፀሐይ ጉዳይ ነው። ደጋው ፀሐይ ሞልቶት ሕፃኑ ምች እንዳይመታው፣ ሰው ዓይን እንዳይገባ እየተባለ ተሸፍኖ ይከርማል። ጉዳቱም እግር ላይ አይቆምም፤ ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት ላይ ባወጡት ጥናት አዲስ አበባ በሳምባ ምች ሆስፒታል ከተኙት ሕፃናት መካከል ሪኬትስ ከሌሎቹ በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። ዳይፐር የምታድል ወጣት ለእናትየዋ «ጧት ጧት ፀሐይ አሙቂው» ብላ ብትጨምር ዋጋ አያስወጣትም።

«ያላችሁን አምጡ፣ ለሚያስፈልገው ይደርሳል»

አይደርስም። ሰው ለአራስ ስጦታ ሲያስብ ትንሿን፣ የምታምረዋን ቁጥር 1 ይገዛል። ሕፃኑ በሁለት ወር ውስጥ ያልፋታል፤ መጋዘኑ በቁጥር 1 ይሞላና ቁጥር 4 ፈላጊዋ ባዶ እጇን ትመለሳለች። ቁጥሩ የሚሄደው በክብደት ነው፣ በዕድሜ አይደለም። ሒሳቡንም ቀድሞ መሥራት ይበጃል፦ አዲስ የተወለደ በቀን 8 እና ከዚያ በላይ፣ ከፍ ያለው 5 ወይም 6 ይጨርሳል። 20 ሕፃናትን በቀን በ6 ብናሰላ በወር 3,600 ዳይፐር ነው። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋው ምን እንደሆነ ሱቅ የገባ ያውቀዋል። አንድ ቅዳሜ በተደረገ ዘመቻ ይህ አይሸፈንም።

ስለዚህ፣ በተለይ ቆሻሻ ሰብሳቢ በማይደርስበት ገጠር፣ ጨርቁን መናቅ የለብንም። በጥቅምትና በኅዳር፣ ፀሐዩ ጠንካራ ሲሆን፣ በጥሩ አቡጀዲ የተሰፋ ድርብ የሽንት ጨርቅ ከሳሙና ጋር ቤት ላላት እናት ከዳይፐር ይሻላታል፤ ታጥቦ ለታናሹም ይተርፋል። ልብስ ሰፊውም ከመዋጮው ሥራ ያገኛል። ገንዘቡን ለሁለት ብንከፍለው ደስ ይለኛል፦ ለበጋ ጨርቅና ሳሙና፣ ለክረምትና ለተፈናቃይ፣ ለታማሚና ለአልጋ ቁራኛ ዳይፐር።

ማከፋፈሉንም ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ መተው ነው። የትኛው ቤት መንታ እንዳለ፣ የትኛው ቤት ሴት እንደተደበቀች የምታውቀው እሷ ናት። እናቶችን አደባባይ አሰልፎ ከእሽግ ጋር ፎቶ ማንሳት ከልመና የማይለይ ነገር ነው፤ ፊስቱላ ያለባት ሴት ደግሞ እዚያ ሰልፍ ላይ በጭራሽ አትቆምም። ሕፃናቱ በክትባት ቀን ሲመዘኑ ክብደታቸው ካርዳቸው ላይ ይጻፋል፤ ከሚያዝያ ጀምሮ ያንን ቁጥር የመዘገበ ዕድር ሰኔ ሳይገባ የትኛውን መጠን ምን ያህል መግዛት እንዳለበት ያውቃል።