የደረቁ ዕፀዋት መዝገብና ያለ ደመወዝ የሚገለብጡት ሰዎች

በፓሪስ ከተማ፣ በብሔራዊው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ፣ ከየአህጉሩ ተለቅሞ የመጣና ደርቆ በወረቀት ላይ የተለጠፈ 8 ሚሊዮን ያህል የዕፅ ናሙና ተጠብቆ ይኖራል። በየወረቀቱ ላይ አንዲት ትንሽ ጽሑፍ አለች። ዕፁን ማን እንደ ቀጠፈው፣ በየትኛው አገርና በየትኛው ተራራ፣ በስንት ቀን እንደ ተገኘ የምትመሰክረው እርስዋ ናት። ጽሑፉ የጠፋበት ቅጠል ከድርቆሽ ብዙም አይሻልም።

ከእነዚህ ወረቀቶች አብዛኞቹ ፎቶግራፍ ከተነሡ በኋላ ጽሑፋቸውን የሚያነብ ሰው ጠፋ፤ ሥራው በሙዚየሙ ሠራተኞች ብቻ የሚዘለቅ አልሆነም። ስለዚህ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. ሥራው በኢንተርኔት ለሕዝብ ተከፈተ። በፈቃዳቸው የመጡ ሰዎች በየቤታቸው ተቀምጠው ይገለብጣሉ። አንዱን ወረቀት የተለያዩ ሰዎች ለየብቻቸው ያነቡታል፤ ቃላቸው ሲስማማ ይጸድቃል፣ ሲለያይ ይመካከሩበታል።

ሥራው ቀላል የሚመስለው ላልሞከረው ነው። የብራና ጸሐፊ ቦታ ሲጠበው የሚደጋገመውን ቃል በአንድና በሁለት ፊደል ጠቁሞ እንደሚያልፍ፣ የዕፀዋት ሊቃውንትም ከዕፁ ስም ቀጥለው የሰያሚውን ስም በአኅጽሮት ይጽፋሉ። ለምሳሌ ኑግ በእነርሱ ቋንቋ ጊዞቲያ አቢሲኒካ ይባላል። ከዚህ ቀጥሎ በቅንፍ ውስጥ «ኤል. ኤፍ.»፣ ከቅንፉ ውጭ «ካስ.» ተብሎ ይጻፋል። በቅንፍ ያለው አስቀድሞ ዝርያውን የሰየመው ነው፤ ከቅንፉ ውጭ ያለው ካሲኒ የተባለው ፈረንሳዊ ሲሆን፣ ዕፁን ወደ ሌላ ወገን አዛውሮ አሁን የሚጠራበትን ስም የሰጠው እርሱ ነው። «ኤል.» ብቻውን ሲቆም ስዊድናዊው ሊኔዎስ ነው፤ «ኤፍ.» ሲጨመርበት ግን ልጁ ነው፣ ፊደሉ በላቲን «ወልድ» ማለት ነውና። ገልባጩ ይህችን አንዲት ፊደል ቢዘል፣ አባትየው በ1778 ዓ.ም. ከሞተ በኋላ ልጁ ያሳተመውን ስም ለሟቹ ይሰጣል። ስለ ኢትዮጵያ ዕፀዋት በ1847 ዓ.ም. ትልቅ መጽሐፍ ማሳተም የጀመረው አሺል ሪሻርም እንዲሁ ነው፤ ከስሙ በፊት ያለችው «ኤ.» ከተዘነጋች ድካሙ ሁሉ ለአባቱ ይቈጠራል። ስለዚህ በ1992 ዓ.ም. የሰያሚዎቹ አኅጽሮት በአንድ መጽሐፍ ተሰብስቦ በኪው ታተመ።

ከሰው ስም ይልቅ ግን የቦታ ስም ያስቸግራል። ሺምፐር የተባለው ጀርመናዊ በ1837 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ፣ በ1878 ዓ.ም. በዓድዋ እስኪሞት ድረስ በትግሬና በስሜን ዕፅ ሲለቅም ኖረ። የለቀመው ወደ ኤስሊንገን ተልኮ፣ በታተመ ጽሑፍ ታጅቦ ለአውሮፓ ቤተ መዛግብት ተከፋፈለ። በዚያ ጽሑፍ ላይ የዓድዋው ሶሎዳ ተራራ በጀርመን ጆሮ «ሾሎዳ» ሆኖ ይነበባል። ገልባጩ ያየውን እንዳየው መጻፍ አለበት፤ እንዲያርም አይፈቀድለትም፤ ይህም ደግ ሕግ ነው፣ የተሳሳተ ዕርማት ከስሕተቱ ይብሳልና። ዕርማቱ በሌላ ዓምድ ይገባል።

ይህን ዓምድ የሚሞላው ግን ማን ነው? ከ180 ዓመት በፊት በዚያ ተራራ ላይ የትኛው ዛፍ ይበቅል እንደ ነበረ፣ ዛሬስ የትኛው እንደ ጠፋ ለማወቅ የሚፈልግ ሁሉ በዚህ ዓምድ ላይ ይደገፋል። ለፓሪስ ገልባጭ ሾሎዳ ባዶ ድምፅ ነው፤ የዓድዋ ሰው ግን ወዲያው ያውቀዋል። በዚያው በሺምፐር ወረቀቶች ላይ «ጀላጀራኔ» ተብሎ የተጻፈውን ቦታ ለመለየት ደግሞ የትግሬን መንደር በየስሙ የሚጠራ ሽማግሌ መጠየቅ ሳያስፈልግ አይቀርም።