ሽቅብ የሚገፋ ውሃ

አዲስ አበባ፣ የካ ውስጥ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አቀበት ላይ ባሉ ቤቶች፣ በፈረቃው ሌሊት ቧንቧው አየር መትፋት ሲጀምር ቤተሰቡ ይነሳል፤ ጀሪካን ይደረደራል። ውሃዋ ጉልበት አጥሯት የታችኛው ሰፈር ላይ ከቀረች ደግሞ ሌላ ፈረቃ መጠበቅ ነው።

የካ ይህ አይገባትም ነበር። ከበላይዋ ያለው የእንጦጦ ተራራ የወንዞች ራስ ነው፤ ቀበናም ከዚያው ይነሳል። የከተማው ምሥራቃዊ ክፍል በብዛት የሚጠጣው ግን እ.ኤ.አ. በ1970 ከተሠራው ከለገዳዲ ግድብ ነው። ለገዳዲ ከእንጦጦ ጫፍ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ወደ ተራራው ወገብ ለተጠጋ ቤት ሁሉ ውሃው በፓምፕ መገፋት አለበት።

ስለ ካርቦን ናኖቱዩብ ማጣሪያ ሳነብ የሚታወሰኝ ይኸው አቀበት ነው። በካሊፎርኒያ የሎረንስ ሊቨርሞር ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 የውስጥ ስፋታቸው ከ2 ናኖሜትር በታች በሆነ የካርቦን ቱቦዎች ውሃ አሳለፉ። የቱቦው ግድግዳ እጅግ ልሙጥ ስለሆነ ውሃው የተለመደው ስሌት ከሚለው ከሺህ እጥፍ በላይ ፈጥኖ አለፈ። የባህር ውሃ በርካሽ ሊጣራ ነው ተብሎ ብዙ ተስፋ ተደረገ።

ችግሩ ጨው ውሃን በቀላሉ አለመልቀቁ ነው። ከባህር ውሃ ግማሹን ንጹሕ አድርጎ ለማውጣት፣ ማጣሪያው እንከን ባይኖረው እንኳ፣ ለአንድ ሜትር ኩብ ወደ 1 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። ዛሬ ያሉት ጣቢያዎች ከ3 እስከ 4 ይፈጃሉ። ልሙጥ ቱቦ ጣቢያውን ሊያሳንስ ይችላል፤ ፍጆታውን ከዚያች ከ1 ኪሎዋት ሰዓት በታች ግን አያወርድም። በዚያ ላይ የጨው መጠን በጨመረ ቁጥር የቱቦዎቹ ጨው የመከልከል አቅም ደክሞ ታይቷል።

እስቲ ያችኑ 1 ኪሎዋት ሰዓት የካ እናምጣት። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 367 ሜትር ሽቅብ ታወጣለች፤ ያውም ፓምፑ ምንም ካላባከነ። ከለገዳዲ እስከ እንጦጦ ጫፍ ያለው ከፍታ ከዚህም ይበልጣል! ባህር ቢኖረን ኖሮ የሚለው ቁጭት እዚህ አቀበት ላይ ጀሪካን አይሞላም። መብራት ሲጠፋ የማይቆም ፓምፕ፣ ከፍታው ላይ የተሠራ ማጠራቀሚያ፣ የማያፈስ ቧንቧ ይሞላል። አዲስ ማጣሪያ ከተገኘ መጀመሪያ የሚገባው ፍሎራይድ የሰዎችን ጥርስና አጥንት ለሚጎዳበት ለስምጥ ሸለቆ ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ቀበና ነው። ያለ ፓምፕ፣ ያለ መብራት ከእንጦጦ የወረደው ውሃ ሰፈር መሃል ሲደርስ ፍሳሽና ቆሻሻ ይቀላቀልበታል። ዳር ዳሩን የሚኖረው ሰው ጀሪካኑን ይዞ ከለገዳዲ የሚመጣውን ይጠብቃል።